ነርሷ ደጃችን ስትቆም



ልጆቻችን በነርስነት ሲመረቁ እልል እንላለን፤ ሥራ ሲጀምሩ ግን በር እንዘጋባቸዋለን። ነገሩ ለጎንደር እንግዳ ሆኖ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጃችን የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን አብሮ አሰልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽንም ነርሶችን ቤት ለቤት አሰማራ።

ጀማሪዋ ነርስ እንደ ሆስፒታል ሐኪም አጠገቧ የለም። ብቻዋን ግፊት ትለካለች፣ የሕፃኑን የክትባት ካርድ ታያለች፣ ነፍሰ ጡሯን ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች። እኛ ደግሞ «ኧረ ምን አመመንና!» ብለን እንመልሳታለን። አምና ድንኳን ከጣልንላቸው መካከል ግፊታቸውን አንድ ቀን እንኳ ሳይለኩ ያለፉ አሉ።

ለሚቀጥለው ወር ስብሰባ መለኪያዋን ይዛ እንድትመጣ ጠይቀናታል። ከመዋጮው በፊት እጅጌያችሁን ሰብሰብ አድርጋችሁ ጠብቁን።