እድራችን በሕይወት ላለውም ይድረስ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት የተነሣሁት ጉዳይ በአደባባይ ብዙ የሚወራለት አይደለም። ይኸውም፣ መጠጥ ለመተው የፈለገ ሰው አብረውት የሚቀመጡ ሰዎችን ከወዴት ያገኛል? የሚል ነው። የምናገረው ሳሪስ ስላሳደጉኝ አጎቴ ነው። ታሪካቸውን እንድናገር የፈቀዱልኝ ራሳቸው ናቸው፤ «ስሜን ብቻ ተወው» ብለውኛል።

አጎቴ የፋብሪካ ሠራተኛ ናቸው። ከሥራ ቦታቸው እስከ ቤታችን ድረስ ያሉትን የአረቄና የድራፍት ቤቶች አንድ ቀን ብቈጥር 11 ሆኑ። እድርም አላቸው። እድሩ ቢሞቱ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ቤተ ሰብ ያስተዛዝናል። ነገር ግን በሕይወት ሳሉ፣ መሸት ሲል እጃቸው ወደ ብርጭቆ ሲሄድ፣ አጠገባቸው የሚቀመጥ ማኅበር አልነበረም።

«ልተወው ነው» ባሉኝ ጊዜ እኔ፣ ተምሬአለሁ ባዩ፣ ዛሬውኑ ይተዉት አልኋቸው። ተሳስቼ ነበር። ለብዙ ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም መንቀጥቀጥና መቃዠት ሊይዘው፣ ሊጥለው፣ ሊገድለውም ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ሐኪም ማየት ግዴታ ነው፤ በከተማችን አማኑኤል ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል። ሐኪም ሰውነትን ይረዳል፤ ምሽቱን ግን አብሮ ሊያመሽ አይችልም።

ይህን ነገር በ1927 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር 1935) አንድ አሜሪካዊ በራሱ ላይ አይቶታል። ቢል ዊልሰን የተባለው ይህ ሰው መጠጥ ከተወ ጥቂት ወራት ቢሆነው ነው፤ ለንግድ ጉዳይ አክሮን ወደምትባል ከተማ ሄዶ ጉዳዩ ከሸፈበት። ከሆቴሉ መጠጥ ቤት የሚሰማው ድምፅ ሲጠራው ወደ ስልክ ሄደና እንደ እርሱ በመጠጥ የተቸገረ ሌላ ሰው ፈለገ። የተገናኘውም ቦብ ስሚዝ ከሚባል ሐኪም ጋር ነበር። ከሁለቱ ጭውውት ዛሬ በብዙ አገር ያለው፣ ኤ.ኤ. የሚባለው ማኅበር ተወለደ። ለአባልነት የሚጠየቀው መጠጥ የመተው ፍላጎት ብቻ ነው፤ ክፍያ የለበትም። በ2012 ዓ.ም. ተመራማሪዎች 27 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው፣ ሰውን በሥርዓት ወደዚህ ማኅበር የሚያስገባ ሕክምና ጨርሶ ከመጠጥ በመራቅ ረገድ ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት እንዳለው ገልጸዋል።

ታዲያ እኔና አጎቴ የሚስማማ ማኅበር ፍለጋ ወጣን። በመጀመሪያው ቦታ ሕዝብ ፊት አቁመው ኃጢአታቸውን እንዲናገሩ አደረጓቸው፤ ተጨበጨበም። አጎቴ እቤት ሲደርሱ «እንደ ሌባ ታየሁ» አሉ። ሁለተኛው መልካም ነበር፤ ሆኖም የሚያልቀው ማታ ነበርና ታክሲ የምንጠብቀው በመጠጥ ቤት ደጃፍ ላይ ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት አጎቴ ከሰልፉ ወጥተው ገቡ።

ሦስተኛውን የጠቈመችን አንዲት ነርስ ናት። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰባት ሰዎች ሻይና ቆሎ ይዘው ይቀመጣሉ። አንዳንዱ ስብሰባ ለሱሰኞች ብቻ ሲሆን፣ የዚያን ዕለቱ ለዘመድም ክፍት ስለ ነበረ እኔም ገባሁ። አንድ ሰው የሚስቱን ጋቢ ሸጦ እንደ ጠጣ ተናገረ። አጎቴ ብዙ ዝም ካሉ በኋላ፣ «እኔ ደግሞ የዚህን ልጅ የትምህርት ቤት ጫማ» አሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ ጫማዬን ሌባ የወሰደው ይመስለኝ ነበር። ማንም አልጮኸባቸውም፤ ማንም አላጨበጨበም። እኔም መናደድ ሲገባኝ አለቀስሁ።

በፋሲካ ሰሞን እንደ ገና ጠጡ። ሦስት እሑድ ቀሩ። በአራተኛው ሲሄዱ ሰዎቹ ወንበር ጠጋ ጠጋ አሉላቸው፣ ሻይም ቀዱላቸው። ዛሬ ሰባተኛ ወራቸውን ይዘዋል።

ከዚህ የተማርሁትን ባጭሩ ልበል። አንድ ስብሰባ አልስማማ ቢል ሰውየው አይድንም ማለት አይደለም፤ ሌላ መሞከር ነው። ሲመርጡም እውነት የሚነገርበት፣ የተነገረው ከደጅ የማይወጣበት፣ ቋንቋውና እምነቱ ሰውን የማያሸማቅቅበት፣ ሰዓቱና የመመለሻው መንገድ የማያሰናክል፣ ወድቆ የተመለሰውንም የሚቀበል መሆኑን መመልከት ይገባል።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ነገሩ የሽማግሌዎች ብቻ አይምሰለን። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የመጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ 21 ዓመት ላልሞላው ሰው መጠጥ እንዳይሸጥም ከልክሏል። እኛ ግን ፈተና ባለቀ ማግስት ምን እንደምናደርግ እናውቃለን።

አጎቴ ያገኙት ስብሰባ ከሳሪስ ሁለት ታክሲ ያስይዛል። የሰፈራችን የእድር ቤት ግን አግዳሚ ወንበሩ ተደርድሮ ሳምንቱን ሙሉ ተዘግቶ ይውላል። ስለዚህ ማኅበራችን ለሳሪስ እድሮች ደብዳቤ ጽፎ፣ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ቤታቸውን እንዲያውሱ እንዲለምን ሐሳብ አቀርባለሁ። እኛ ሰብከን አናድንም፤ ቍልፉን ተቀብለን፣ ሻዩን አፍልተን እንወጣለን። የሚቀረውን እነርሱ ያውቁበታል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። አጎቴ ሎሚያቸውን ብቻቸውን 20 ዓመት ተሸክመዋል። ደብዳቤውን ለመጻፍ ፈቃደኛ የሆነ እጁን ያንሣ።