ከኩበት እስከ ፀሐይ፦ የኃይል ምንጮች በካርቦን ሚዛን

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



እንደሚታወቀው አንድ ማኅበር ወፍጮ ወይም የውኃ መሳቢያ ሞተር ለመግዛት ሲነሳ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ሞተሩ በዕድሜው ሙሉ የሚጠጣው ነዳጅና ወደ አየር የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድም አብሮ ሊታሰብ ይገባል።

አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። አንድ ኪሎ ከማይሞላ ነዳጅ ይህ ሁሉ ክብደት ከየት መጣ የሚል አይጠፋም። በናፍጣው ውስጥ ያለው ካርቦን ሲነድ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ስለሚዋሐድ ነው፤ ትርፉ ክብደት የኦክስጅኑ ነው።

ገብስና ኑግ በአንድ ቁና ስለተሰፈሩ ክብደታቸው እኩል አይሆንም። የኃይል ምንጮችም የሚወዳደሩት በሚሰጡት እኩል ሥራ ነው፤ መለኪያውም ኪሎዋት ሰዓት ነው። በይነ መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ሪፖርት፣ ግንባታውንም ጨምሮ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ መካከለኛው አኃዝ ለድንጋይ ከሰል 820 ግራም፣ ለተፈጥሮ ጋዝ 490፣ ለትላልቅ የፀሐይ ማመንጫዎች 48፣ ለውኃ 24፣ ለየብስ ነፋስ 11 ነው። አነስተኛ የናፍጣ ጀነሬተር ከአንድ ሊትር 3 ኪሎዋት ሰዓት ቢያወጣ እንኳ ከጭስ ማውጫው ብቻ 900 ግራም ይለቃል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ በመሆኑ መስመር የደረሰው ማኅበር የናፍጣ ወፍጮውን በኤሌክትሪክ ቢቀይር ልዩነቱ የትየለሌ ነው። መስመር ላልደረሰው ደግሞ የፀሐይ ፓምፕ አለ። ፀሐይ በምትወጣበት ሰዓት ውኃውን ወደ ታንከር መሙላት ባትሪ ከመግዛት ይሻላል።

የገጠሩ ቤት ዋነኛ ኃይል ግን አሁንም ማገዶ ነው። እንጨት ሲነድ የሚወጣውን ካርቦን በምትኩ የሚበቅል ዛፍ መልሶ ይወስደዋል፤ ካልተተከለ ግን ዕዳው በአየር ላይ ይቀራል። በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳ አርሶ አደሮች ዲከረንስ በማሳቸው ተክለው፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቆርጠው ከሰል እያከሰሉ፣ መሬቱን መልሰው ሲዘሩበት ታይቷል። ከተፈጥሮ ደን ከሚከሰለው ጋር ይህን በአንድ መፈረጅ ስህተት ነው። የሆነ ሆኖ በባህላዊው አከሳሰል አንድ ኪሎ ከሰል ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይፈጃል።

ኩበትስ? በካርቦን ሂሳብ ብቻ ከታየ ንጹሕ ይመስላል፤ ከብቷ የበላችው ሣር በየዓመቱ ይበቅላልና። ኪሳራው ያለው ማሳው ላይና የእናቶች ሳንባ ውስጥ ነው። ለአፈሩ የሚገባው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ አባሉም በምትኩ ማዳበሪያ በብር ይገዛል።

አራት ያህል ከብት ላለው ቤተሰብ ባዮጋዝ ሁለቱንም ያስገኛል፤ ጋዙ ያበስላል፣ ተረፈ ምርቱ ወደ ማሳ ይመለሳል። ጥንቃቄ የሚሻው ግን ጋዙ በአብዛኛው ሜቴን መሆኑ ነው። ሳይነድ ካመለጠ በመቶ ዓመት ስሌት ምድርን የማሞቅ አቅሙ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ስለዚህ የቧንቧው መጋጠሚያ በየጊዜው የሳሙና አረፋ እየተቀባ ይፈተሽ፤ አረፋው ከተነፋ ጋዙ እያመለጠ ነውና ቧንቧው ተዘግቶ ባለሙያ ይጠራ።