ከሮቢት እስከ ጣርማበር፦ የፍሪሲዮን ነገር

ቀዳሚ አቅራቢ፦ እኅቴ ሆይ፣ ከፍታዋ 1,280 ሜትር ገደማ ከሆነች ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ፣ የቀወትን ቆላ ትቶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ፣ ጣልያን በወረራው ዘመን ወደ ፈለፈለው የጣርማበር ዋሻ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚወጣ መኪና ስለ ምን ይደክማል?

ካልእ አቅራቢ፦ ሞተርም እንደ ፍጡር እስትንፋስ ያሻዋልና፣ ወንድሜ፤ አየሩ በሳሳ መጠን ከነዳጁ ጋር የሚዋሐደው ኦክስጅን ስለሚያንስ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከኃይሉ አንድ ዐሥረኛ ገደማ ያጣል። ሹፌሩም ጉድለቱን ለመሸፈን ፍሪሲዮኑን ግማሽ ረግጦ ሞተሩን ሲያስጮኽ፣ ዲስኩ እየተንሸራተተ ይግላል፣ ይከስላል። የዚህን ቃጠሎ ሽታ በዚያ አቀበት ባሸተትሁ ቁጥር ልቤ ያዝናል።

ቀዳሚ አቅራቢ፦ እንግዲያስ መድኃኒቱ ምንድን ነው?

ካልእ አቅራቢ፦ ገና ከሮቢት ሳይነሡ ፔዳሉን መመርመር፤ መጀመሪያ ሳይከብድ የሚወርድ ጥቂት ልቅነት ከሌለው ፍሪሲዮኑ አጥብቆ አይይዝምና። ከዚያም ኃይል ሳይጎድል ማርሽ መቀነስ፣ በአቀበት ሲቆሙም መኪናውን በእጅ ፍሬን እንጂ በፍሪሲዮን አለመያዝ።

ቀዳሚ አቅራቢ፦ በቀበቶ የሚነዱት ባለ አራት ጎማ የገጠር ሞተሮችስ?

ካልእ አቅራቢ፦ የእነርሱ ፍሪሲዮን በሽክርክሪት ወደ ውጭ በሚገፉ ክብደቶች ይገዛል፤ ስለዚህ ለደጋ ክብደቶቹ ካልቀለሉ የደከመው ሞተር ያለ ጊዜው በከባድ ማርሽ ይጠመዳል። ወደ ቀወት ቆላ ሲወርዱ ግን የቀደሙት ክብደቶች ይመለሱ፤ አለዚያ ሞተሩ ከልኩ አልፎ ይሽከረከራል።