ከድኒስተር ወዲህና ወዲያ

(በደጋፊዎቻችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



በ2025 መጀመሪያ፣ ብርዱ በከፋበት ወራት፣ ለሞልዶቫ ሕዝብ ብርድ ልብስና የማገዶ መግዣ እንድትለግሱ በመጽሔታችን ለምነናችሁ ነበር። (ዓመታቱን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እንገልጻለን።) ስጦታችሁ ደርሶናል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ከስጦታው ጋር ግን ሁለት ዓይነት ጥያቄ የያዙ ደብዳቤዎችም ደረሱን። አንደኛው፣ «ድርቅና ጦርነት ባደቀቀው በአፍሪካ ቀንድ የሚሠራ ድርጅት ለአውሮፓ ብርድ ልብስ የሚለምነው ስለ ምንድን ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው ከበድ ይላል፤ «ከድኒስተር ወንዝ ማዶ ያሉት የሩሲያን ጦር አስጠግተው በሩሲያ ጋዝ በርካሽ ሲሞቁ የኖሩ ናቸው፤ ዛሬ ቢበርዳቸው ምን አገባን?» ይላል። የጻፉልን ለብዙ ዓመታት አብረውን የጸለዩ ሰዎች ስለሆኑ በሁለት መስመር መልሰን ልናልፋቸው አልወደድንም።

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሳችን አጭር ነው። በነሐሴ መጨረሻ 2022 ከዩክሬን ወደብ የተነሣች መርከብ ለኢትዮጵያ የሚሆን 23,000 ቶን ስንዴ ጭና ጅቡቲ መድረሷን ታስታውሳላችሁ። ከዚያ አስቀድሞ ጥቁር ባሕር በጦርነቱ ተዘግቶ ወራት አልፈው ነበር። ዩሪያ የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ነውና፣ በዚያው ዓመት የአውሮፓ ጋዝ ሲወደድ የማዳበሪያውም ዋጋ አብሮ ወጣ። የአርሲና የጎጃም ገበሬ የሞልዶቫን ስም ሰምቶ ባያውቅም የዚያን አገር ጭንቀት በገዛ ኪሱ ከፍሎታል። ደግሞም ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በአውሮፓ ከተሞች የምትኖሩ፣ የማሞቂያ ሒሳብ የምትከፍሉና ድምፅ የምትሰጡ ናችሁ። እንግዲህ ነገሩ የሩቅ አይደለም።

ሞልዶቫ በሩማኒያና በዩክሬን መካከል ያለች፣ ሕዝቧ ከ2.5 ሚሊዮን የማይበልጥ ትንሽ አገር ናት። አብዛኛው ምድሯ በ1812 ለሩሲያ ቄሣር ሆነ፤ በ1918 ወደ ሩማኒያ ተቀላቀለ፤ በ1940 ሶቪየት ኅብረት ወሰደው፤ ነጻነትዋን ያወጀችው በ1991 ነው። አንድ ሽማግሌ ከተወለደበት ጎጆ ሳይወጣ የስንት መንግሥት ዜጋ እንደሚሆን ከዚህ መገመት ይቻላል። በ1946 እና በ1947 ድርቅ ወርዶ ሳለ መንግሥት የእህል ግብሩን አልተው ስላለ ከ100,000 በላይ ሰው በረሃብ አለቀ። እኛ ረሃብን የምናውቅ ሰዎች ይህን ስናነብ ልባችን ይነካል። በሐምሌ 1949 ደግሞ ወደ 35,000 የሚሆኑ ሰዎች በአንድ ዘመቻ ተለቅመው ወደ ሳይቤሪያና ወደ ካዛክስታን ተጋዙ።

የማንነቱ ክርክር የሚመነጨው ከዚህ ታሪክ ነው። ሕዝቡ የሚናገረው ቋንቋ ሩማንኛ ነው ወይስ ሞልዶቭኛ? በሶቪየት ዘመን በሩሲያ ፊደል ይጻፍ ነበር፤ በ1989 ወደ ላቲን ፊደል ተመለሰ። የ1994ቱ ሕገ መንግሥት «ሞልዶቭኛ» አለው፤ በ2023 ምክር ቤቱ በሕግ «ሩማንኛ» አሰኘው። በደቡብ በኩል ቱርክኛ መሰል ቋንቋ የሚናገሩ፣ በሃይማኖታቸው ግን ኦርቶዶክስ የሆኑ ጋጋውዞች ራሳቸውን ያስተዳድራሉ። ኦርቶዶክሳውያኑም ቢሆኑ ከፊሎቹ ለሞስኮ ፓትርያርክ፣ ከፊሎቹ ለቡካሬስት ፓትርያርክ ይታዘዛሉ። ስለ ፊደልና ስለ መንበር ሲከራከሩ የሚሰማ ኢትዮጵያዊ አይደነቅም፤ እንዲህ ያለውን ክርክር እቤታችን ትተን አልመጣንም።

ከድኒስተር ወንዝ በስተ ምሥራቅ ያለው ቀጭን መሬት ትራንስኒስትሪያ ይባላል። በ1992 ለጥቂት ወራት ጦርነት ተደርጎ በሐምሌ ወር ተኩስ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ቲራስፖል ላይ የተቀመጠው አስተዳደር የራሱ ባንዲራና ገንዘብ አለው፤ የተባበሩት መንግሥታት አባል የሆነ አንድም አገር ግን አላወቀውም። ሩሲያ በ1999 ኢስታንቡል ላይ ጦሯን ልታወጣ ቃል ገብታ ነበር፤ ዛሬም 1,500 ያህል ወታደሮች በዚያ አሉ። ኮባስና በተባለ መንደርም ከሶቪየት ዘመን የተረፈ ትልቅ የጥይት ክምችት አለ። የሞልዶቫ ሕገ መንግሥት አገሪቱ ገለልተኛ ናት፣ የውጭ ጦር በምድሯ አይሰፍርም ይላል። ወረቀት ላይ የተጻፈውና ወንዙ ዳር የቆመው እንዲህ ተለያይተዋል።

በየካቲት 24 ቀን 2022 ዩክሬን በተወረረች ጊዜ ሴቶችና ሕፃናት በፓላንካ ኬላና በሌሎችም በሮች ጎረፉ። አብዛኞቹ አለፉ፤ ከ100,000 በላይ የሚሆኑት ግን በዚያችው በድኻይቱ አገር ተቀመጡ። ብዙዎቹን የተቀበለው መንግሥት ሳይሆን የመንደር ሰው ነው። ቁጥራቸው ጥቂት የሆነ የወንጌል አማኞችም አዳራሾቻቸውን መኝታ ቤት አደረጉ። ሩማንኛ ትናገራለህ ወይስ ሩሲያኛ ብለው መርምረው አላስገቡም።

አሁን ወደ ኃይሉ ጉዳይ እንምጣ፤ ሁለተኛውን ጥያቄ ያለ እርሱ መመለስ አይቻልም። ጋዝፕሮም ለትራንስኒስትሪያ ጋዝ ይልክ ነበር፤ ዋጋውን ግን እዚያ ማንም አይከፍለውም ነበር፣ በሞልዶቫ ስም ዕዳ ሆኖ ይመዘገብ ነበር። ኩቹርጋን ላይ ያለው ትልቅ የኃይል ማመንጫ ያንን ጋዝ እያነደደ ኤሌክትሪክ ይሠራ ነበር። የኤሌክትሪኩን አብዛኛውን ክፍል በርካሽ የምትገዛው ደግሞ ከወንዙ ወዲህ ያለችው ሞልዶቫ ነበረች፤ የቲራስፖል አስተዳደርም ሠራተኛውን የሚያስተዳድረው ከዚህ ሽያጭ በሚገኝ ገንዘብ ነበር። ልብ እንበል፤ በዋና ከተማይቱ በኪሺናው መብራቱን የሚያበራ ሰው ሁሉ ሳያስበው የተገነጠለውን አስተዳደር በጀት ይሞላ ነበር። በርካሽ የሞቁት እነዚያ ብቻ ናቸው ማለት አይቻልም።

ይህ ማሰሪያ ቀስ በቀስ ተፈታ። በመጋቢት 2022 የሞልዶቫና የዩክሬን የኤሌክትሪክ መረብ በአስቸኳይ ከአውሮፓው መረብ ጋር ተገናኘ። ከሩማኒያ የሚመጣ የጋዝ መስመርም ከዚያ ቀድሞ ኪሺናው ደርሶ ነበር። ጥር 1 ቀን 2025 በዩክሬን የሚያልፈው የሩሲያ ጋዝ ውል አብቅቶ ተቋረጠ፤ ጋዝፕሮምም በሌላ መንገድ አልልክም፣ 709 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ አለብኝ ባይነት ይቅርና ክፈሉኝ አለ። ሞልዶቫ ያስመረመረቻቸው የውጭ ኦዲተሮች ያገኙት ዕዳ ግን ወደ 9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብቻ ነበር። ክርክሩ ሲቀጥል ትራንስኒስትሪያ ውስጥ ከ300,000 በላይ ሰው በጥር ብርድ ማሞቂያና ሙቅ ውኃ አጣ፤ ፋብሪካዎች ቆሙ፤ መብራት በየተራ ለሰዓታት ይጠፋ ጀመር። ከወንዙ ወዲህ ያሉትም መብራት ባይጠፋባቸው ከሩማኒያ በውድ የሚገዛው ኤሌክትሪክ ሒሳባቸውን አናረው፤ በጡረታ የሚኖረው ሽማግሌ ከምግቡ ቀንሶ ከፈለ።

የአውሮፓ ኅብረት ለጥቂት ቀናት የሚበቃ ጋዝ ገዝቶ ሰጠ፤ ከዚያም 60 ሚሊዮን ዩሮ አቀረበ። ከገንዘቡ ጋር ግን የጋዝ ዋጋ ቀስ በቀስ ይጨመር የሚልና ሌሎችም ግዴታዎች ነበሩበት። ቲራስፖል እምቢ ብሎ በሩሲያ ገንዘብ የሚገዛውን መረጠ። ሁለቱም ዕርዳታዎች ገመድ ነበረባቸው፤ የአንደኛው ገመድ ይበልጥ እንደሚያንቅ ብናምንም፣ ገመድ የሌለበት ነበር ለማለት አንደፍርም።

ስለ ምርጫውም እንናገር። በጥቅምት 20 ቀን 2024 ሕዝቡ የአውሮፓ ኅብረት አባልነት ግብ በሕገ መንግሥቱ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ ተብሎ ተጠየቀ። አዎን ያሉት ከ50 በመቶ እጅግ በጥቂት ብቻ በለጡ፤ ልዩነቱ 10,500 ድምፅ ያህል ነው። የአገሩ ፖሊስ ከ100,000 በላይ ለሆኑ መራጮች ከሩሲያ የመጣ ገንዘብ መታደሉን ገልጦ ነበር። በጋጋውዝያ ወደ 95 በመቶ የሚሆነው እምቢ አለ። አገር ቤት ያለው ድምፅ ብቻ ቢቆጠር ኖሮ «አይደለም» ያሸንፍ ነበር፤ ሚዛኑን የደፋው በጣሊያን፣ በጀርመን፣ በፈረንሳይና በሌላም አገር የሚኖረው ስደተኛ ነው። በመስከረም 2025 በተደረገው የምክር ቤት ምርጫም ወደ አውሮፓ ያዘነበለው የፕሬዚዳንት ማያ ሳንዱ ፓርቲ ከ101 መቀመጫ 55ቱን አገኘ።

ይህን ያነሣነው ውጤቱን ለመንቀፍ አይደለም፤ እኛ ብንሆን እንዲሁ በመረጥን። ነገር ግን ስደተኛው ድምፁን ሰጥቶ ወደ ሞቀ ቤቱ ይገባል፤ የጋዙን ዋጋ የሚከፍለው አገር ቤት የቀረው ነው። እኛም ከሩቅ ሆነን ገንዘብ የምንልክ፣ ከገንዘቡም ጋር አሳብ የምንልክ ሰዎች ነን። የላክነው አሳብ ስንት ጊዜ ከገንዘቡ ይልቅ ከብዶ የተቀባዩን ትከሻ እንዳጎበጠ በአገራችን አይተናል።

እንግዲህ፣ «ማዶ ያሉት ምን አገባን?» ላላችሁ ወንድሞችና እኅቶች የምንመልሰው ይህ ነው። የቲራስፖል ነዋሪ በነጻ ምርጫ ያንን አስተዳደር አላቆመም፤ ከኪሳቸው የሞልዶቫ፣ የሩሲያ ወይም የዩክሬን ፓስፖርት፣ አንዳንዴም ሁለቱ፣ የሚገኝባቸው ብዙ ናቸው። በሰባተኛ ፎቅ ላይ የምትበርዳት አሮጊት የጋዝ ውል አልፈረመችም። ጌታችን የሳምራዊውን ምሳሌ ሲናገር በሳምራውያንና በአይሁድ መካከል የነበረው የመቅደስ ክርክር ገና አልተፈታም ነበር።

ለመጪው የብርድ ወራት የምንሰበስበው ስጦታ ለወንዙ ሁለቱም ዳር ነው። ወደ ማዶ ለማሻገር ከኪሺናውም ከቲራስፖልም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ይህ ሊዘገይ ይችላልና ማዶ ያለው እጅ ከወዲሁኛው ዘግይቶ ቢደርስ አትታዘቡን። ዕደላው በዚያው ባሉ አብያተ ክርስቲያናት በኩል ይሆናል፤ ለማን እንደመረጠ፣ በምን ቋንቋ እንደሚጸልይ የሚጠይቅ ቅጽ አይኖርም። «ለወዲህኛው ዳር ብቻ ይዋል» ብሎ የሚልክልን ቢኖር፣ ስጦታውን በአክብሮት እንመልሳለን። ይህን ስንወስን ገንዘብ ያዣችን ፊታቸውን ማጨፍገጋቸውን አንደብቃችሁም፤ ምን ያህል እንደሚመለስ አስልተውታልና። ቢሆንም ቃለ ጉባኤው ላይ ፈርመዋል።