ከብቱን የሚይዘው አጥሩ ነው ወይስ ሣሩ?



ከብት አጥር ጥሶ የሰው ቡቃያ በበላ ቁጥር ወቀሳው የሚወርደው በእረኛው ወይም በአጥሩ ላይ ነው፤ ስለ ግጦሹ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። 250 ኪሎ ግራም የምትመዝን ላም በቀን 6 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ መኖ ያስፈልጋታል። በሰኔ መባቻ፣ የበጋው መስክ ተግጦ ባለቀበት ወቅት፣ የጎረቤቱ ቡቃያ ሲታያት የቅንጭቡን አጥር በደረቷ ትገፋለች። ባለ እሾህ ሽቦም ቢሆን ቆዳዋን ይቧጭራል እንጂ ረኀቧን አያስታግሥም። (የቆዳው ጉዳት ራሱን የቻለ ኪሣራ ነው።)

ስለሆነም የአጥር ዋና ተግባር ከብቱን ማገድ ሳይሆን ሣሩን ማሳረፍ ነው። መስኩ ተከፋፍሎ በተራ ሲጋጥ፣ ያረፈው ክፍል ሥሩን አጠንክሮ እንደገና ያቆጠቁጣል። በጋሞ ደጋ በጨንቻ የታወቀው የደሾ ሣርም በእርከን ላይ ተተክሎ፣ እየታጨደ ለታሰረ ከብት ይቀርባል።

አስቸጋሪው የወል መስክ ሲከለል ነው። ሰፊ ማሳ ያለው ገበሬ ገለባና ድርቆሽ አያጣም፤ መሬት የሌለው ጎረቤቱ ግን ላሙን የሚያሰማራበት ሌላ ስፍራ የለውም። እንግዲህ ከክልሉ የሚታጨደው ሣር ለማን ምን ያህል እንደሚደርስ ችካሉ ከመተከሉ በፊት መወሰን ይኖርበታል፤ አለዚያ አጥሩን የሚያፈርሰው ከብቱ ሳይሆን ባለቤቱ ይሆናል።