ስለ ብቸኛ ቁጥር ለመምህራን የተነገረ ቃል

ከ1 የሚበልጥ ሆኖ ከ1ና ከራሱ በቀር ለሌላ ቁጥር ያለ ትራፊ የማይካፈል ቁጥር ብቸኛ ይባላል። 5 ጊዜ 2 እርስ በርሱ ተባዝቶ ከ32 ላይ 1 ቢቀነስ 31 ይሆናል፤ ይህም ብቸኛ ነው። 11 ጊዜ ተባዝቶ 1 ቢቀነስ ግን 2047 ይሆናል፤ ይኸውም የ23ና የ89 ብዜት ነውና ብቸኛ አይደለም።

ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሪን መርሴን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1644 ዓ.ም. ይህ ሥራ 67 ጊዜም፥ 127 ጊዜም ቢደረግ ብቸኛ ቁጥር ይገኛል ብሎ ጻፈ። ኤድዋር ሉካስ በ1876 ዓ.ም. መርምሮ የ67ቱ ሐሰት፥ የ127ቱ እውነት መሆኑን አስረዳ። ሁለተኛው ቁጥር 39 አኃዝ ያለው 170141183460469231731687303715884105727 ነው።

ሉካስ በየቁጥሩ እያካፈለ አልሞከረም፤ ዕድሜ አይበቃውምና። ከትንሽ ቁጥር ተነሥቶ፥ በራሱ እያበዛ፥ 2 እየቀነሰ፥ በትልቁ ቁጥር ሲካፈል የሚተርፈውን ብቻ እየያዘ ሄደ፤ በመጨረሻም ትራፊው ባዶ ሆነ። ይህም የብቸኛነቱ ምስክር ነው።

እንግዲህ ተማሪ «ይህ በምን ታወቀ?» ብሎ ቢጠይቅ መምህሩ እንደ ድፍረት አይቍጠርበት፤ ሰሌዳውን ሰጥቶ ያስመርምረው። የሊቅ ቃል ይከበራል፤ እውነትነቱ የሚጸናው ግን ሲመረመር ነው።