ከእንጨቱ ላይ እንዳትወርድ!

ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ስለ አንድ ፎቶግራፍ ላጫውታችሁ ነው። በዚያውም ለዚህ ፎቶ ብዬ ልሠራው የነበረውን ሞኝነት እነግራችኋለሁ።

ባለፈው ዓመት በሐምሌ አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችንን ለመጠየቅ ከእናቴ ጋር ሄድን። በዚያው የሎውስቶንን ለማየት ወደ ዋዮሚንግ ተሻገርን። በ1872 የተከለለ፣ በዓለም የመጀመሪያው የሚባል ብሔራዊ ፓርክ ነው። እኔን የወሰደኝ ግራንድ ፕሪዝማቲክ የሚባለው ፍል ውሃ ነው። ከዳር እስከ ዳር 110 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የእግር ኳስ ሜዳ በሉት። መሃሉ ሰማያዊ ነው፤ ከዚያ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ እያለ ዳሩ ላይ ቡናማ ይሆናል።

እማ ግን ፍል ውሃ ስትሰማ ሌላ ነው ያሰበችው። ልጅ ሳለች ወንዛዬ ፍል ውሃ ወስደዋት ነበር። እዚህም ጥብርያ ሄዳ ስትነከር ጉልበቷን ቀለል ይላታል።

«ፎጣ ልያዝ?» አለችኝ።

«እማ፣ ይሄ አይገባበትም። መሃሉ 87 ዲግሪ ይደርሳል፤ ሰው ይቀቅላል» አልኳት።

«ታዲያ ምን ልናደርግ ነው የምንሄደው?»

በማለዳ ደረስን። ፎቶ የሚያነሳ ሰው የማለዳ ብርሃን ይወዳል፤ እዚያ ግን ስህተት ነው። አየሩ ብርድ ስለሆነ፣ አክንባሎ ሲነሳ እንደሚወጣው ያለ እንፋሎት ሁሉን ሸፍኖታል። ምንም አይታይም። ፀሐይ ከፍ እስክትል ጠበቅን። እንፋሎቱ ሲሳሳ ቀለሙ ወጣ፤ ግን ያኔ ደግሞ የእንጨቱ መተላለፊያ በሰው ተሞላ። ባነሳሁት ፎቶ ሁሉ የሰው ጭንቅላት አለበት። ተናደድኩ። «አንድ እርምጃ ብቻ ብወርድ» ብዬ እግሬን አነሳሁ። መሬቱ እኮ ደረቅ ነው የሚመስለው!

እማ የቦርሳዬን ማንገቻ ያዘችኝ። «ወዴት ነው? ከእንጨቱ ላይ እንዳትወርድ! ከሥሩ ሲፈላ አይታይህም?»

በሰው ፊት ስለጮኸችብኝ አኮረፍኩ። እውነቱ ግን ከእሷ ጋር ነበር። እዚያ አፈሩ ስስ ቅርፊት ነው፤ ከሥሩ የሚያቃጥል ውሃ አለ። በዚያ ፓርክ ፍል ውሃዎች ተቃጥለው የሞቱት ሰዎች ከ20 በላይ ናቸው።

ትንሽ ቆይታ «ማን ቀባው?» አለችኝ። ቀለሙን ማለቷ ነው። የማውቀውን ነገርኳት። መሃሉ ሰማያዊ የሆነው ውሃው ጥልቅና ጥርት ያለ ስለሆነ ነው። ዳር ዳሩ ግን ሕይወት ነው፤ ሙቀት የሚወዱ ባክቴሪያዎች ናቸው። በብርሃን የሚመገቡት ከ73 ዲግሪ ገደማ በላይ አይችሉም። ስለዚህ ውሃው እየፈሰሰ ሲቀዘቅዝ እያንዳንዱ ዓይነት የሚስማማው ቦታ ላይ ይሰፍራል። ብርቱካናማው ቀለም ካሮትን ካሮት ያስመሰለው ቀለም ዘመድ ነው፤ ከኃይለኛ ፀሐይ ይከላከልላቸዋል።

አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። ቶማስ ብሮክ የተባለ ተመራማሪ በ1960ዎቹ ከዚያው ፓርክ ፍል ውሃ አንድ ባክቴሪያ አገኘ። ሙቀት የሚችለው ኢንዛይሟ በኋላ ለፒሲአር ምርመራ መሠረት ሆነ። አዎ፣ በኮሮና ጊዜ አፍንጫችንን ሲያስነጥሰን የነበረው ምርመራ!

ከሰዓት በኋላ በፌሪ ፎልስ መንገድ በኩል ወዳለው ከፍታ ወጣን። በ2017 የተከፈተ መመልከቻ አለ፤ ከመኪና ማቆሚያው አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እማ ጉልበቷን እየያዘች፣ እያረፈች ወጣች። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አላጣደፍኳትም። ከላይ ሲታይ ውሃው ሙሉ ዓይን ይመስላል። እንጨቱ ላይ የሚሄዱት ሰዎች ጉንዳን አክለዋል። ጠዋት ያናደዱኝ እነዚያ ጭንቅላቶች ባይኖሩ፣ የውሃው ስፋት ከፎቶው ላይ አይታወቅም ነበር።

ለምትሄዱ፦ ፀሐያማ ቀን ምረጡ፤ እኩለ ቀን ግድም ይሻላል። እንፋሎቱ ሌንስ ላይ ሲያርፍ ሳይደርቅ ጥረጉት፤ ያለዚያ ማዕድኑ ይጣበቃል። ድሮን ክልክል ነው። ሳንቲምም አትወርውሩ፤ ሞርኒንግ ግሎሪ የሚባለው ፍል ውሃ የድሮ ቀለሙን ያጣው ሰዎች በጣሉበት ነገር ነው።

ፎቶው አሁን እማ ሳሎን ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ ስለ ቀለሙ አይደለም የምታወራው፤ «እዚህ ጋ ነው የያዝኩት» ትላለች።